ሠላሳ ቆርቆሮ፣ ሃምሳ ስምንት ሸክላ

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ እንድታከብሩኝ ሳይሆን እንድትደነግጡ ነው። እኔ ያደረግሁትን ሌላ የደብረ ታቦር ሰው ቢያደርገው «ምን ያድርግ፣ ቁጥር አያውቅ» ተብሎ ይታለፍ ነበር። እኔ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ጠመኔ ይዤ «ካለህ ላይ የሌለህን ብትቀንስ ከዜሮ በታች ትወርዳለህ» እያልኩ የሰው ልጅ የማስተምር ሰው ነኝ። ወረድኩ። ከዜሮ በታች ምን እንዳለም በዓይኔ አየሁ።

ሸክላ እሰበስባለሁ። ጋንና ማሰሮ አይደለም። ያን ጥቁር፣ ክብ፣ መሀሉ የተበሳ፣ መርፌ ሲነካው የሚዘፍነውን ነው። ካሴት ሸክላን ገድሎ፣ ሲዲ ደግሞ ካሴትን ሊቀብር ጉድጓድ በሚቆፍርበት ጊዜ እኔ ሟች አስታማሚ ነበርኩ። ነገሩ የጀመረው በውርስ ነው። አጎቴ ሲሞት ለእኔ አንድ ማጫወቻና አምስት ሸክላ፣ ለወንድሜ አንዲት ላም ደረሰን። የወንድሜ ላም ወልዳ ወልዳ ስድስት ሆነች። የእኔ አምስት ሸክላ ደግሞ ሠላሳ ዘጠኝ ሆኑ። «በመዋለድ የእኔዎቹ ይበልጣሉ» ብዬ ስኩራራ፣ ባለቤቴ የሺ «የእሱ ይታለባሉ» ትለኛለች።

የሺ ልብስ ሰፊ ናት። በእግር የሚረገጥ ጥቁር የስፌት መኪና አላት። ለሠርጓ እናቷ ከጉና ተራራ ሥር ያሏቸውን በጎች ከግማሽ በላይ ሸጠው የገዙላት ናት። ቤታችን እንዴት እንደሚኖር ልንገራችሁ። የእኔ ደመወዝ እስከ ወሩ አሥራ አምስት ያደርሰናል። ከአሥራ አምስት በኋላ በየሺ እግር ነው የምንሄደው።

በዚያ ዓመት ከሌሎች አሥራ አንድ ቤተሰቦች ጋር በማኅበር ተደራጅተን ወደ ጋፋት መውጫ የቤት መሥሪያ ቦታ አገኘን። እንጨቱ ቆመ፣ ጭቃው ተመረገ፣ ጣሪያ ብቻ ቀረ። ጣሪያ የሌለው የጭቃ ቤት የእኛን ክረምት አይችልም። እኛ ዘንድ ሰማዩ እንደ ሌላው አገር አያለቅስም፣ ይደባደባል። ሚያዝያ እየተጋመሰ ሲሄድ የሺ ጠዋት ጠዋት ደጅ ወጥታ ወደ ጉና ትመለከትና ደመናው ላይ እንደ ባለዕዳ ታፈጥጥ ነበር።

እግዜር ይስጠው፣ እቁቧ ወጣላት። አራት ሺህ አምስት መቶ ብር። ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ለእኔ ለሒሳብ አስተማሪው ሒሳብ አስተማረችኝ።

«ባሕር ዳር ትሄዳለህ። ስልሳ ቆርቆሮ በሰባ ብር፣ አራት ሺህ ሁለት መቶ። ሦስት መቶው ለምስማርና ለጭነት። ትራንስፖርትህን ከኪስህ።»

«እሺ።»

«ሸክላ የሚባል ነገር ደግሞ ጣሪያ ሳይገባ ደጄን እንዳይረግጥ። ማርያምን በል።»

«ማርያምን» አልኩ። የምሬን ነበር። ሰው ሲምል የምሩን ነው፤ ችግሩ የሚመጣው መሐላው ካለቀ በኋላ ነው።

በማግሥቱ የጂኦግራፊው አስተማሪ ባልደረባዬ ሻይ እየጠጣን «እብናት ውስጥ አንዲት ሴትዮ የድሮ ቡና ቤታቸውን ዘግተው ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነው። ሸክላ እየሸጡ ነው አሉ» አለኝ። የሰውን ቤት እንዲህ ነው የሚያፈርሱት፤ ሻይ እየጠጡ።

ለማየት ብቻ ነው የሄድኩት። ይህን ዛሬም እምላለሁ። ለየሺ ባሕር ዳር ሄድኩ ብዬ፣ ገንዘቡን ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ተጭኜ እብናት ወረድኩ። እትዬ ብርነሽ የሚባሉት ሴትዮ ወፍራም፣ ደስ የሚሉ፣ ሽበታቸውን በጥቁር ሻሽ ያሰሩ ናቸው። አንድ የእንጨት ሳጥን ጎትተው ከፊቴ አስቀመጡ። ከፈትኩት። ሃምሳ ስምንት ሸክላ! አንዳንዱ ሽፋን ላይ የቢራ ብርጭቆ ክብ አለ፣ አንዱ ላይ ደግሞ ሰው ስልክ ቁጥር ጽፎበታል። አንዱን አውጥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አደረግሁት። አንድ ጭረት እንኳ የለውም።

«እትዬ፣ ይችን አንዷን ብቻ ስንት ይሉኛል?»

«አንዷን?» አሉና ሳቁ። «እኔ ጥርስ ነኝ እንዴ ልጄ፣ አንድ ባንድ የምነቀል? ሁሉንም ወይም ምንም። ሦስት ሺህ።»

አሁን እንግዲህ የተማረ ሰው እንዴት እንደሚያብድ ተመልከቱ። ሦስት ሺህ ካሉት ላይ ሁለት ሰዓት ተከራክሬ፣ ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ሄጄ ተመልሼ፣ በሁለት ሺህ አንድ መቶ ጨረስኩ። ከዚያ ሳጥኑን ተሸክሜ ስወጣ በልቤ ምን አልኩ? «ዘጠኝ መቶ ብር አተረፍኩ» አልኩ! የሺ ዘጠኝ መቶ ብር ማትረፌን ብትሰማ ምን ያህል ደስ ይላት ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ደስታው ያለቀው ባሕር ዳር ስደርስ ነው። በቀረኝ ገንዘብ ሠላሳ ቆርቆሮና ምስማር ገዛሁ። ስመለስ የአውቶቡሱ ረዳት ሳጥኑን ከላይ ሊጭን ሲያነሳ «ምንድን ነው ይኼ?» አለኝ።

«ሸክላ ነው፣ ቀስ በል።»

«ጋን ነው?»

«ዘፈን ነው።»

ረዳቱ እኔን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ ከሁሉ በታች አደረገው።

መንገዱን ሙሉ አሰላሁ። ስልሳ ቆርቆሮ ለሚገዛ ገንዘብ ሠላሳ ይዤ ስሄድ ምን እላለሁ? አራት ሺህ ሁለት መቶን ለሠላሳ ሳካፍለው መቶ አርባ መጣ። ስለዚህ ውሸቱ እኩል የሚሆነው የቆርቆሮ ዋጋ በእጥፍ ከጨመረ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ትንሽ ጨምሯል» ብሎ ያድበሰብስ ነበር። እኔ በቁጥር ቀልድ አላውቅም፤ የምዋሸው እስከ መጨረሻው ሳንቲም ተሰልቶ ነው።

ሳጥኑን የትምህርት ቤቱ የስፖርት ዕቃ ክፍል ውስጥ ከተነፈሱ ኳሶች ጀርባ ደብቄ ቤት ገባሁ።

«እጥፍ?» አለች የሺ። ከእጇ መቀሱ ወደቀ።

«እጥፍ።»

«በአንድ ሳምንት?»

መቀሱ ሲወድቅ ደንግጬ ነበርና አፌ ያላዘዝኩትን ተናገረ። «ብረት የሚመጣው በመርከብ አይደል? መርከቡ ባሕር ላይ ተይዟል።»

መርከቡን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ደብረ ታቦር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ መርከብ በሥዕል እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ይሁንና መርከቡ ተነሣ። የሺ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ለአሥራ አንዱም የማኅበራችን ቤተሰብ፣ አንድም ሳይቀር፣ ክረምት ሳይመጣ ቆርቆሮ እንዲገዙ ነገረች። ደግ ናት፤ ክፉ ወሬ ለብቻዋ ይዛ አታድርም።

በሁለተኛው ቀን መምህራን ማረፊያ ስገባ ርዕሰ መምህሩ ፊቱን አጨማዶ ተቀበለኝ። «ሰማህ ጉድ? ቆርቆሮ የጫነው መርከብ ሰመጠ አሉ።»

«ማን አለ?» አልኩ። ድምፄ እንደ ጫጩት ቀጠነ።

«ከተማው ሁሉ ነዋ! ከባሕር ዳር የመጣ የታመነ ሰው ነው ያወራው ይላሉ። አሥራ ሁለት መርከበኛ አልቋል።»

እኔ እኮ መርከቡን ብቻ ነው የያዝኩት! ማን አሰመጠው? አሥራ ሁለቱን ሰዎች ማን ገደላቸው? ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከትምህርት ቤት ስወጣ የከተማችን ዋና ቆርቆሮ ነጋዴ አቶ ይርጋ ሱቅ ደጃፍ ሰው እንደ ንብ ሰፍሮ አየሁ። ጠዋት ሰባ አምስት የነበረ ከሰዓት ሰማንያ፣ በማግሥቱ ዘጠና ገባ። ውሸቴ እውነት እየሆነ ነበር። ሰው ሲዋሽ እንዳይያዝ ይጸልያል፤ እኔ የተናገርኩት እንዳይፈጸም የምጸልይ ሰው ሆንኩ።

ሐሙስ ዕለት ነው መዓቱ የወረደው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢያችን ውስጥ ሌላ ሠላሳ ቆርቆሮ ተደርድሮ ያበራል። የሺ ከነአቧራዋ ከጎኑ ቆማ ትስቃለች።

«ስልሳ ሞላልን!» አለች።

«በምን ገንዘብ?»

«ግባና እይ።»

ገባሁ። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ ከቆመችበት ቦታ አራት የእግር ምልክት ብቻ ወለሉ ላይ ቀርቷል። የተቆራረጠ ክር ተበትኗል።

«መኪናሽስ?»

«ለአቶ ይርጋ ሰጠሁት። ሚስቱ ስትመኘው የኖረች ናት። በዘጠና ብር ሒሳብ ሠላሳ ቆርቆሮ ለወጠኝ።» ቀኝ እጇን አነሣች፤ ጣቷ ላይ መርፌ እንዳይወጋት የሚደረገውን ቆብ አጥልቃለች። «በእጄ እሰፋለሁ። መኪና ይተካል፤ ግድግዳ ከፈረሰ ማን ይተካዋል? ደግሞ እግዜር ያክብርህ፤ እንዳንተ ዋጋ የሚያውቅ ባል ባይኖረኝ ኖሮ ይሄንንም ቆይተን በመቶ አርባ ነበር የምንገዛው።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝም አልጠላሁ፤ ግን መሬትም ጣሪያ ለሌለው ሰው አታዝንም።

እየሮጥኩ አቶ ይርጋ ሱቅ ሄድኩ። ሰውየው ገና ሲያየኝ ከባንኮኒው ዘሎ ወጥቶ አቀፈኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የታቀፍኩት ሠርጌ ቀን ብቻ ነው።

«መምህር! ባለውለታዬ! ሁለት ዓመት የተኛብኝን ቆርቆሮ በአራት ቀን አነሣህልኝ! ያ መርከብ ግን የት አገር ነው የሰመጠው?»

«አቶ ይርጋ፣ የባለቤቴን መኪና ይመልሱልኝ።»

እቅፉ ላላ። «እሱማ ሚስቴ እጅ ገብቷል። ግን ለአንተ ስል፣ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ብር ካመጣህ እለምናታለሁ።»

«እኔ ባለውለታዎ አይደለሁም እንዴ?»

«ነህ። ለዚህ ነው እለምናታለሁ ያልኩህ።»

ቅዳሜ ሳጥኑን ተሸክሜ ገበያ ወጣሁ። ተማሪዎቼ እንዳያውቁኝ ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ ዝቅ አድርጌ በሽንኩርትና በድንች ሻጮች መካከል ሃምሳ ስምንቱን ሸክላ ዘረጋሁ። ስድስት ተማሪዎች «ደህና ዋሉ መምህር» ብለው አለፉ። አንዲት እናት ቆመው አንዱን አነሡና በጣታቸው አንኳኩት።

«ይህ ሸክላ ምን ይይዛል የኔ ልጅ?»

«ዘፈን ይይዛል፣ እማማ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ… ሌላ አይይዝም።»

አዘኑልኝ፤ አዝነውም ሄዱ። ከጉና የወረደ አንድ ገበሬ ደግሞ «ገብሴ ላይ ብሰቅለው ወፍ ያባርራል?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «ሳታውቅ ትሸጣለህ?» ብሎ ተቆጣኝ። ፀሐይዋ እየከረረች ስትሄድ ሸክላዎቹ እንዳይጣመሙ በኮቴ ሸፍኜ፣ እኔ በሸሚዝ፣ እንደ ተገፈፈ ሰው ተቀምጬ ሳለሁ የአቶ ይርጋ ጫማ ከፊቴ ቆመ።

«ይሄ የሚያብረቀርቀው ምንድን ነው?»

ነገርኩት። አቶ ይርጋ ያኔ መሀል ከተማ ላይ ሆቴል እየሠራ ነበር። አንዱን አንሥቶ አገላበጠው፤ ከዚያ በመሀሉ ቀዳዳ አጮልቆ በአንድ ዓይኑ አየኝ።

«ለምስማሩ ቀድሞ ተበስቷል ማለት ነው» አለ።

«ለምን ምስማር?»

«ለአዳራሹ ግድግዳ ነዋ! እንግዳ ጥንታዊ ነገር ይወዳል። ስምንት ረድፍ በአሥራ ሁለት። ግድግዳዬን ሙላልኝና መኪናህን ውሰድ።»

ዘጠና ስድስት ነው። ሃምሳ ስምንቱ አይበቃም። እኔ ደግሞ እቤት ሠላሳ ዘጠኝ አሉኝ። አንድ ላይ ዘጠና ሰባት። በሕይወቴ ስደምር እንደዚያን ቀን ያመመኝ የለም።

ሰኞ ከሰዓት ክፍለ ጊዜ አልነበረኝም፤ የቤቶቹን ሠላሳ ዘጠኝ የሺ ሳታየኝ አውጥቼ ከሃምሳ ስምንቱ ጋር ወደ ሆቴሉ ወሰድኩ። አቶ ይርጋ ሠራተኞቹ ሌላ ሥራ ላይ ስለነበሩ መዶሻውን ለእኔ ሰጠኝ። ቀዳዳው ለተራ ምስማር ሰፊ ነበርና ባለ ቆብ የቆርቆሮ ምስማር አመጣልኝ። ወዳጆቼ፣ ሰው የሚወደውን በገዛ እጁ ሲቸነክር አይታችሁ ታውቃላችሁ? የመጀመሪያውን ስመታ ዓይኔን ጨፍኜ አውራ ጣቴን መታሁት። ሁለተኛውን ዓይኔን ገልጬ መታሁት፤ የባሰ ነበር። ሠላሳኛው ላይ መደንገጤ አለቀና እጄ ራሱ ይሠራ ጀመር። የአጎቴን አምስቱን ከሁሉ በላይ፣ የሰካራም እጅ የማይደርስበት ረድፍ ላይ ሰቀልኳቸው። አቶ ይርጋ ከታች ሆኖ «ወደ ግራ! ቀና አድርገው!» ይለኛል።

አንዲት ቀረች። ስሟ የተጻፈበት ወረቀት ተልጦ የማን ዘፈን እንደሆነች እንኳ የማትታወቅ ናት። «እሷ ታስጠላለች፣ ውሰዳት» አለኝ።

የስፌት መኪናዋን በጋሪ ጭኜ፣ እኔ ከኋላ እየደገፍኩ ቤት አመጣሁ። የሺ በእጇ ልብስ ትጠቅም ነበር። መኪናዋን ስታይ ከመደሰቷ በፊት ፈራች።

«ከየት አምጥተህ?»

ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። እብናትን፣ እትዬ ብርነሽን፣ ሳጥኑን፣ መቶ አርባን። አልጮኸችም። መኪናዋ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠችና መርፌው ውስጥ ክር ልታስገባ ሞከረች። ክሩ እንቢ አላት። ያን ጊዜ ነው በእውነት የደነገጥኩት፤ የሺ ክር ማስገባት ሲያቅታት አይቼ አላውቅም።

«መርከቡም?» አለች ቀስ ብላ።

«መርከቡም።»

«ጭራሽ መርከብ የለም?»

«የለም።»

«የማኅበራችን እማሆይ ጥሩነሽ እኮ ለመርከበኞቹ አልቅሰዋል! ሰባት ቀን ሙሉ በጸሎት አስበዋቸዋል!» ተነሥታ ነጠላዋን አነሣች። «ና ተነሣ። በየቤቱ የዞርኩት በእኔ እግር ነው። የምታስተባብለው ግን በአንተ አፍ ነው።»

የሺ አስጠርታው ማኅበራችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰበ። ሰብሳቢያችን ጋሽ አድማሱ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ በፊታቸው ቆሞ መናገር ያለ ወንጀልም ያስፈራል። ተናገርኩ። አንዱ ሣቀ፣ አንዱ ተሳደበ፣ አንዱ ዱላውን ፈለገ። ሰባቱ ቤተሰቦች በዘጠና ብር ገዝተዋል። እኔ ደግሞ ማፈር ሲገባኝ ሞኝነቴ ተነሣብኝና «ከባሕር ዳር ዋጋ ሃያ ብር ጭማሪ ሲባዛ ስልሳ፣ ሺህ ሁለት መቶ፤ በሰባት፣ ስምንት ሺህ አራት መቶ» ብዬ ጮክ ብዬ አሰላሁላቸው። እኔ ሳሰላላቸው ገና የገባቸው ሁለት ሰዎች አዲስ ጩኸት ጀመሩ።

«መምህር» አሉ ጋሽ አድማሱ፣ «ሒሳቡን ተወው። ሒሳብ ነው እዚህ ያደረሰን።»

«ይፍረዱብኝ፣ ጋሽ አድማሱ።»

«ገንዘብ የለህም። እጅ ግን አለህ። መዶሻ መያዝም ለምደሃል አሉ። የአሥራ አንዱን ቤት ቆርቆሮ ትመታለህ። ላናጺ የሚከፈለው ይቀርላቸዋል። የራስህን መጨረሻ ትመታለህ።»

ሁሉም ተስማማ። ከጥግ እማሆይ ጥሩነሽ እጃቸውን አነሡ። «የእኔ ቤትማ እሺ። ለእነዚያ መርከበኞች ያደረስኩትንስ ጸሎት ማን ይመልስልኛል?»

ጋሽ አድማሱ አሰቡ። ብዙ አሰቡ። «እማሆይ፣ እሱ ለሌላ ባሕር ላይ ላለ ሰው ይሁን ይበሏቸው» አሉ። እማሆይ ግን አልተዋጠላቸውም፤ እስከ ዛሬ ሲያዩኝ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

ግንቦትን ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ ጣሪያ ላይ ነበርኩ። ተማሪዎቼ ከታች ቆመው ያዩኝ ነበር፤ አንዳንዶቹ ደብተራቸውን ይዘው መጥተው የቤት ሥራ ይጠይቁኝ ነበር። መዳፌ ተላጠ፣ ድኖ ደግሞ ተላጠ። ቀስ እያልኩ ግን ሥራው ገባኝ። ስምንተኛው ቤት ላይ ባለቤትየው ወጥቶ አየና «ካናጺ ትሻላለህ» አለኝ። ካስተማርኩበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ የተመሰገንኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። የየሺም እጅ ወደ ክሯ ተመለሰ። በመጀመሪያው ሳምንት ምሳዬን በሰው ትልክልኝ ነበር። በሦስተኛው ራሷ ይዛልኝ መጣች፤ ወደ ላይ ግን ቀና ብላ አላየችኝም። መሰላሉ ሥር አስቀምጣ ሄደች።

የኛን ቤት ጣሪያ ሰኔ ሲገባ ጨረስኩ። በገባን በመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። ማጫወቻውን አወጣሁ፤ ያችን ስሟ የተላጠውን አስቀመጥኩ፤ መርፌውን አወረድኩ። ማን ሊዘፍንልኝ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ድምፅ ሊወጣ ሲል በረዶው መጣ። ስልሳው ቆርቆሮ አንድ ላይ ጮኸ። ሸክላዋ ትዞራለች፣ መርፌው ይሄዳል፣ የሚሰማ ግን የለም። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ምንም።

የሺ ከመኪናዋ ላይ ቀና ብላ አፏን ስታንቀሳቅስ አየሁ። አልሰማኋትም። ተነሥቼ አጠገቧ ሄድኩ፤ አንገቴን ይዛ ጆሮዬ ላይ ጮኸች።

«ጣሪያው ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል!»

«እንግዲያው እሱን ስማ!»